ውል፣ ቃል ኪዳንና ክዳት፦ በኢንተርኔት ለሚካሄዱ የጦር ስልት ጨዋታዎች ስያሜ ስንፈልግ

ባለፈው ዓመት አንድ አጭር የአማርኛ ውል ከአንድ ጥያቄ ጋር ደርሶን ነበር። ውሉ አምስት አንቀጽ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ተዋዋዮቹ ሁለት መንግሥታት ወይም ሁለት ነጋዴዎች ሳይሆኑ፣ በኢንተርኔት በሚካሄድ የጦር ስልት ጨዋታ ውስጥ የተሰለፉ ሁለት የተጫዋቾች ቡድኖች ናቸው። ከአባላቱ ከፊሎቹ በአዲስ አበባ፣ የቀሩት በዋሽንግተንና በዱባይ ይኖራሉ። ሦስተኛው አንቀጽ «ከሁለቱ አንዱ በጠላት ሲጠቃ ይረዳዳሉ» ይላል። ጠላት መጣ፤ አንደኛው ቡድን ተጠቃ፤ ሁለተኛው አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ የተጠቃው ወገን ያልደረሰውን «ከዳተኛ» እያለ ይጠራዋል፤ ያልደረሰው ደግሞ «ውሉ ግዴታ አላስገባንም» ብሎ ይከራከራል። ለብዙ ጊዜ የተዋወቁ ጓደኞች እስከ መኰራረፍ ደርሰዋል። ከእኛ የፈለጉት መልስ አጭር ነው፦ ይህ ክዳት ነው ወይስ አይደለም?

የቋንቋ ባለሙያ ዳኛ አይደለምና ለመፍረድ አልተቀመጥንም። ይሁን እንጂ ጠቡ የተነሣው ከጦሩ ይልቅ ከቃሉ በመሆኑ፣ ጥያቄው የተላከው ወደ ትክክለኛው በር ነው ለማለት ይቻላል። ነገሩን ስንመረምር የተገነዘብነው፣ በእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ውስጥ ለሚፈጸሙት ልዩ ልዩ ውሎችና ለአፈራረሳቸው አማርኛ በቂ ቃላት ያሉት መሆኑን ነው፤ የጎደለው የየቃሉ ድንበር ተለይቶ መቀመጡ ነው።

ለነገሩ እንግዳ ለሆኑ አንባብያን ጥቂት እናስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን አገር የተጀመረው ትራቪያን የተባለው ጨዋታ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ተጫዋቾች በአንድ ካርታ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ መንደር ይዘው ይነሣሉ፤ እንጨት፣ ሸክላ፣ ብረትና እህል ያመርታሉ፤ ወታደር ያሠለጥናሉ፤ ጎረቤታቸውን ይወጋሉ ወይም ይወዳጃሉ። ተጫዋቹ ሲተኛ ጨዋታው አይተኛም፤ በሌሊት የተላከ ጦር ጎሕ ሳይቀድ ከመንደሩ ይገባል። ስለዚህ ብቻውን የቆመ ተጫዋች ዕድሜው አጭር ነው። ኤምባሲ የተባለውን ሕንፃ ሠርቶ ከሌሎች ጋር ይደራጃል፤ የአንድ ቡድን አባላት ቁጥር ግን ከ60 ማለፍ ስለማይፈቀድለት፣ ቡድኑ ራሱ በተራው ከሌላ ቡድን ጋር መዋዋል ግድ ይሆንበታል። ጨዋታው የወዳጅነትን፣ ያለመጠቃቃትንና የጦርነትን ግንኙነት በስም እንዲመዘግቡ ይፈቅድላቸዋል። ከመመዝገብ አልፎ ግን የሚያደርገው ነገር የለም። ውል ያፈረሰውን ቡድን ጦር ከመንገድ አይመልስበትም፤ መቀጫም አያስከፍለውም።

ከዚህ ይበልጥ ለእኛ ሙያ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው ሳይበር ኔሽንስ የተሰኘው ጨዋታ ነው። በዚህኛው እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ምናባዊ አገር መሪ ሲሆን፣ ቡድኖቹ የሚዋዋሉባቸውን ሰነዶች መግቢያ፣ አንቀጽና የባለሥልጣናት ፊርማ እያሟሉ እንደ መንግሥታት ሰነድ ያዘጋጁና በአደባባይ ያውጁ ነበር። ከወዳጅነት ስምምነት ጀምሮ አብሮ እስከ መዝመት የሚደርሱ ልዩ ልዩ የውል ደረጃዎችን አውጥተው፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ ስም ሰጥተውታል። ውልን ለመሰረዝ የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይቀር በሰዓት ተቈጥሮ ይጻፍ ነበር። ይህን ሁሉ እንዲያደርጉ ያስገደዳቸው የጨዋታ ሕግ አልነበረም፤ ራሳቸው ያመጡት ነው። የነዚህ ጨዋታዎች ቅድመ አያት ልንለው የምንችለው፣ አላን ካልሀመር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው «ዲፕሎማሲ» የተባለው የገበታ ጨዋታም፣ ሰባት ተጫዋቾች እንደ ልባቸው እንዲዋዋሉ ፈቅዶ፣ አንዳቸውም በተናገሩት ቃል እንዲታሠሩ አያስገድድም።

እንግዲህ የስያሜው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። አማርኛ «ውል» ሲል ከጀርባው ዳኛ፣ ምስክርና ዋስ መኖራቸውን በዝምታ ይገምታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቃሉን የሕግ ቃል አድርጎ ካጸናው ወዲህ ይህ ግምት ይበልጥ ጠንክሯል፤ ውል ያፈረሰ ይከሰሳል፣ ካሣ ይከፍላል። በጨዋታው ውስጥ ግን ከተዋዋዮቹ በላይ የሆነ ሦስተኛ ወገን የለም። «ቃል ኪዳን» በአንጻሩ ዳኛ አይፈልግም። «ኪዳን» ተካየደ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የተገኘ ሲሆን፣ ግሡ ራሱ ሁለት ወገኖችን የሚጠይቅ የመደራረግ ግሥ ነው፤ የሚጠብቀውም የተናጋሪው ኅሊናና የሰማዩ ምስክር ነው። በዚህ በኩል ሲታይ ለጨዋታው የሚስማማው «ቃል ኪዳን» ይመስላል። ነገር ግን በ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ የሚሰረዝ ነገር ቃል ኪዳን ሊባል ይችላልን? ጋብቻና ሃይማኖት የሚጠሩበትን ቃል ለዚህ ማዋል ክብደቱን ያቀልለዋል የሚል ሥጋት አለን። ስለዚህ «ውል» የሚለውን ለጠቅላላው ስያሜ ይዘን፣ «ቃል ኪዳን» የሚለውን ለመከላከልም ሆነ ለማጥቃት አብረው ለመነሣት ለተማማሉት፣ ማለትም ለከፍተኛው ደረጃ ብቻ እንድናቈየው አሳባችን ነው። «ስምምነት» ለቀላሉ፣ ለወዳጅነትና ወሬ ለመለዋወጥ ያህል ለሚደረገው ይበቃል።

በዚሁ አንጻር ቡድኑ ራሱ ምን ይባል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ተጫዋቾቹ በአፍ «አላያንስ» ይላሉ። በመንግሥታት ጉዳይ ለዚህ ቃል አቻ ሆኖ የኖረው «ቃል ኪዳን» ነው፤ ኔቶን የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት ስንል የኖርነው በዚሁ ነው። በጨዋታው ግን አላያንስ የሚባለው በመንግሥታት መካከል ያለው ትስስር አይደለም፤ አንድ አለቃ፣ አንድ ዓርማና አንድ ግምጃ ቤት ያለው ቡድን ነው። ይህን ቃል ኪዳን ብንለው በቡድንና በቡድን መካከል ለሚደረገው ስም እናጣለታለን። «ኅብረት» ለቡድኑ፣ «ጥምረት» ደግሞ ለብዙ ኅብረቶች ጊዜያዊ ግንባር እንዲሆኑ መምረጣችን በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ውሎቹ ዓይነት ስንመለስ፣ አማርኛ እዚህ ላይ ከብዙ ቋንቋዎች ይልቅ የታደለ መሆኑን ማየት ደስ ያሰኛል። ሌላው ቋንቋ «የጋራ» ወይም «የእርስ በርስ» የሚል ቅጽል ሲፈልግ፣ አማርኛ ግሡን ብቻ ያጥፋል፦ አጠቃ፣ ተጠቃቃ፤ ረዳ፣ ተረዳዳ፤ ማለ፣ ተማማለ። «ያለመጠቃቃት ውል» ስንል እኔ አልነካህም፣ አንተም አትነካኝም የሚለው በአንድ ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። «የጋራ መከላከያ ውል» የሚለው ግን የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ትክክል ነው፣ ነገር ግን አይናገርም። በተቸገረ ጊዜ ለመጣለት ሰው አማርኛ «ደረሰለት» ይላል፤ ለዚያ የሚመጣውም ጦር «ደራሽ» ነው። ስለሆነም «የመደራረስ ውል» የሚለውን እንደ አማራጭ አቅርበናል። አንድ የሥራ ባልደረባችን ደራሽ ሲሉት ጎርፍ ትዝ ይለኛል ብሎ ተቃውሞናል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም፤ ከደራሽ ጦር ብዛት የተነሣ ጎርፍ የሆነ ጦርነት በእርግጥ ታይቷል። ኢቭ ኦንላይን በተባለው የአይስላንድ ኩባንያ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 አንድ የይዞታ ክፍያ ሳይከፈል ቢቀር በአንድ ሥርዓተ ኮከብ ላይ በተነሣው ግጭት ወዳጅ ወዳጁን እየጠራ ከ7,500 በላይ ተጫዋቾች ተሳትፈው፣ ውጊያው 21 ሰዓት ያህል ቈይቶ፣ ከመርከቦቹ ሁሉ ታላላቆቹ የሆኑት 75 «ታይታኖች» ወድመዋል።

አንድ ትልቅ ኅብረት ገና የተወለደን ትንሽ ኅብረት እስኪጠና ድረስ የሚጠብቅበትን ውል «ሞግዚትነት» ብለነዋል። በዚህ ላይ ብዙ አልተከራከርንም።

የጠቡ ሥር ግን ከስሞቹ ይልቅ በግሡ ውስጥ ነው። ከፍ ብለን በጠቀስነው በሳይበር ኔሽንስ በብዛት ከሚታወቁት ውሎች አንዱ መከላከልን ግዴታ፣ ማጥቃትን ግን ፈቃድ የሚያደርግ ነው። ወዳጅህ ሲወጋ ልትደርስለት ይገባሃል፤ እርሱ ሌላውን ሲወጋ ግን አብረህ ልትዘምት ይቻልሃል እንጂ አትገደድም። «ይገባል» እና «ይቻላል» የሚሉት ሁለት ቃላት እንግዲህ በአንድ ሰነድ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱን በሌላው የተካ ተርጓሚ ጦርነት ያስነሣል።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ጽሑፍ እንዲጠቀሙ ተስማምተዋል የሚል ግዴታ አዘል ቃል ነበረው። ኢጣልያም በዚህ ላይ ቆማ ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር እንዳለች አድርጋ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1893 ውሉን ሰረዙ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን መንገር አያሻም። የጨዋታ ውልን ከውጫሌ ጋር ማስተያየት ለአንዳንዱ አንባቢ ድፍረት ሊመስል ይችላል። የምናስተያየው ግን ክብደቱን አይደለም፤ የሰዋስው ጉዳዩን ነው፤ ሰዋስውም ለትንሹና ለትልቁ ውል አንድ ነው።

አሁን «ይረዳዳሉ» የሚለውን እንመልከት። ይህ ቅርጽ ሊቃውንቱ «ትንቢት» ብለው የሚጠሩት የግሥ አንቀጽ ነው። ትንቢት በአማርኛ ሦስት ሥራ አለው፦ ወደፊት የሚሆነውን ያወሳል፤ የተለመደውን ይናገራል፤ በሕግ ጽሑፍ ደግሞ ያዝዛል። የወንጀል ሕጉ «ይቀጣል» ሲል ትንቢት መናገሩ አይደለም፤ ለዳኛው ትእዛዝ መስጠቱ ነው። ነገር ግን ይህን ትርጉም የሚሰጠው ግሡ ብቻውን ሳይሆን፣ በዙሪያው ያለው የሕግ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በሌለበት፣ ዳኛውም በሌለበት፣ «ይረዳዳሉ» የሚለው መልካም ምኞት ሆኖ ሊነበብ ይችላል። አንደኛው ወገን ትእዛዝ ሲያነብ ሁለተኛው ወገን ትንቢት አንብቧል። ሁለቱም አማርኛ አልተሳሳቱም።

ከግሡ ቀጥሎ የሚያውከው የውሎቹ መተሳሰር ነው። ሀ ከለ ጋር፣ ለ ከሐ ጋር ሲዋዋል፣ አንድ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ሁሉም የሚነሣበት ሁኔታ ይፈጠራል። ተጫዋቾቹ ይህን ትስስር «የውል ድር» ይሉታል፤ በሥዕልም ይሥሉት ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ለሚለው ሕዝብ ይህ ስያሜ እንደ ራሱ ነው። በዚያው ላይ «ውል» የልቃቂት ክር መጀመሪያም ነውና፣ ድሩ ሲወሳሰብ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት መሆኑ አይቀርም። ከዚህ ለመውጣት ያበጁት ዘዴ፣ ወዳጄ የተወጋው ለሌላ ወዳጁ ስለ ደረሰ ከሆነ እኔ አልገደድም የሚል አንቀጽ ማስገባት ነው። ቃል በቃል «የማይቀጣጠል» ወይም «ሰንሰለት የለሽ» ከማለት «ያለመዛመት አንቀጽ» ማለት ይሻላል፤ እሳትና በሽታ የሚዛመቱትን ያህል ጦርነትም ይዛመታልና። በእውነተኛው ታሪክም ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1914 ከጀርመንና ከኦስትሪያ ጋር የነበራት ውል የመከላከያ ነው፣ አጥቂዋ ግን ኦስትሪያ ናት በማለት ገለልተኛ ሆና፣ በሚቀጥለው ዓመት በተቃራኒው ወገን መዝመቷ ይታወሳል። ወዳጆቿ ክዳት አሉት፤ እርሷ አንቀጽ ጠቀሰች። የኛ ጠያቂዎች በዚህ ረገድ ብቸኛ አይደሉም።

ስለ አፈራረሱ እንናገር። ጋዜጦቻችን «ክዳት»ን እና «ክሕደት»ን እያቀላቀሉ መጻፍ ከጀመሩ ቈይተዋል፤ ይህን ልማድ ግን መደገፍ አንችልም። «ከዳ» ማለት ወገኑን ጥሎ ሄደ ማለት ነው፤ ተሳቢው ሰው ነው፦ ጌታውን ከዳ፣ ጓዶቹን ከዳ፣ ከድቶ ለጠላት ገባ። «ካደ» ግን ያለውን የለም አለ ማለት ነው፤ ዕዳውን ካደ፣ ሃይማኖቱን ካደ። ከዳተኛ ጎራ ይለውጣል፤ ከሐዲ ግን በቆመበት ቆሞ ነገሩን ያስተባብላል። ከነዚህ የቀለለው «ቃሉን አጠፈ» ነው፤ ተናግሮ አላደረገም። «ውል ሰረዘ» እና «ውል አፈረሰ» የሚሉትም አንድ አይደሉም፤ የተወሰነውን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የወጣ ሰርዟል፣ ሳይሰጥ የወጋ አፍርሷል። በተጫዋቾቹ ዘንድ የመጀመሪያው ያሳዝናል እንጂ አያሳፍርም።

ለዚህ ሁሉ ማዕርግ የማይበቃ አንድ ሌላ ድርጊት አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 በኢቭ ኦንላይን ውስጥ ገናና ከነበሩት ኅብረቶች አንዱ የሆነው «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ» በአንድ ቀን ፈረሰ። ያፈረሰው ጦር አይደለም፤ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ ወደ ጠላቱ ወደ «ጉንስዋርም» ዞሮ፣ በእጁ ባለው ሥልጣን ኅብረቱን ሰረዘው። ተቀናቃኞቹ ወዲያው ስሙን በራሳቸው አስመዘገቡት፤ ባለቤቶቹ በስማቸው እንኳ መመለስ አልቻሉም። የጨዋታው ኩባንያም ሰውዬው የተጠቀመው በተሰጠው ሥልጣን ነው በሚል ድርጊቱን አልሻረውም። ይህ ውል ማፍረስ አይደለም፤ ሰውዬው ከጠላት ጋር የተዋዋለውን ውል እንዲያውም ፈጽሟል። መክዳቱ እርግጥ ነው፤ ይሁን እንጂ ልዩ የሚያደርገው በአደራ የተያዘ ሥልጣን መኖሩ ስለሆነ፣ የወንጀል ሕጋችን «እምነት ማጉደል» የሚለው ስያሜ እዚህ ላይ በትክክል ይገጥማል።

«ክብር»ን በሚመለከት አማርኛ አንድ ቁም ነገር አስቀድሞ ተናግሯል። ሰውን ማክበርና ቃልን ማክበር በአንድ ግሥ ይነገራሉ፤ ቃሉን ያከበረ፣ እንግዳውን ያከበረ እንላለን። «ከበረ» ግን ሀብታም ሆነ ማለትም ነው። በጨዋታው ዓለም ሁለቱ ዓይነት መክበር ሲጋጩ ማየት የተለመደ ነው። ትራቪያን ላይ ድል የሚገኘው የዓለም ድንቅ የተባለውን ሕንፃ እስከ 100ኛ ደረጃ በማድረስ ሲሆን፣ አሸናፊው አንድ ኅብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ወዳጅነቱ ሁሉ ከመጀመሪያው የማለቂያ ቀኑን ይዞ ይወለዳል፤ ያ ዓለም ተዘግቶ ሌላው ሲከፈትም ካርታው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሳይበር ኔሽንስ ግን እንዲህ ያለ የመጨረሻ ድል አልነበረውምና ስም ከዓመት ዓመት ይከተል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ለረጅም ጊዜ የበላይ ሆኖ የቈየው «ኒው ፓሲፊክ ኦርደር» በተወጋ ጊዜ፣ ውሎቹ ሁሉ እንደ ጠበቀው አልቆሙለትም። ያጠቃው ጥምረት ራሱን «ካርማ» ብሎ ሰየመ። ቃሉ ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን፣ በአማርኛ «ብድሩን መለሱለት» ብንል ከዋናው አሳብ ብዙም አንርቅም። በነገራችን ላይ አማርኛ «ጨዋታ» ሲል መጫወትንም ወግንም ማለቱ ነው፤ ውጊያው ጥቂት፣ ንግግሩ ብዙ ለሆነበት ለዚህ ዓለም ከዚህ የተሻለ ስያሜ አልተገኘለትም።

ለጠያቂዎቻችን የላክነው መልስ የሚከተለው ነው። ያልደረሰው ኅብረት ጎራ አልለወጠምና «ከዳተኛ» መባሉ በቃሉ ፍቺ አይደገፍም። ውሉን በተፈራረሙ ጊዜ ግዴታ መሆኑን ተረድቶ ኖሮ አሁን አይደለም ካለ «ካደ» ይባላል፤ ይህን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። ግዴታ አልመሰለውም ከሆነ ግን ቃሉን እንኳ አላጠፈም። ወደፊት ግዴታን «አለበት» ወይም «ይገባዋል» በሚል፣ ፈቃድን «ይችላል» በሚል እንዲጽፉና ትንቢትን ብቻውን እንዳይተዉት መክረናል። ሰዓትንም ጠቅሰናል፤ ያ ጥቃት የደረሰው አዲስ አበባ ሲነጋጋ፣ ዋሽንግተን ላይ ግን ገና ሌሊቱ ሳይጋመስ ነበር። በዚያም ላይ አንደኛው ወገን 2 ሰዓት ሲል ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን፣ ሌላው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ያስባል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲስ ረቂቅ ላኩልን። በሁለቱም ወገን አለቆች የተፈረመ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ «ከሁለቱ አንዱ ቢጠቃ ሌላው እስከ ማግሥቱ 2 ሰዓት ድረስ ሊደርስለት ግዴታ አለበት» ይላል። የየት አገር 2 ሰዓት እንደ ሆነ ግን አሁንም አልጻፉም።